ሁለተኛውን ማን አስገደደሽ

እናቴ ሀብትነሽ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት ከማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ንጹሕ ነበረች። ውሃ ከወንዝ ተሸክመን በምናመጣበት፣ የሰሊጥ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው የራስ ፀጉር ውስጥም ወጥ ድስት ውስጥም በሚገባበት ቆላ፣ የእሷ ነጠላ ገመድ ላይ ሲሰጣ ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ አንድ እሑድ ጠዋት ሰዉ ለቅዳሴ ወደ ውስጥ ሲገባ እሷ እንደ ልማዷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ቆማ ብትቀር፣ "እማ፣ አንቺ ለምን አትገቢም?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አልነጻሁም፣ አገኘሽ" አለችኝ።

የቀሚሷን ጫፍ ይዤ አሸተትሁት። ሳሙና ሳሙና ይላል።

"ነጽተሻል እኮ!" አልኋት ጮክ ብዬ።

እጇን አፌ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። እጇም ሳሙና ይሸታል።

ደርግ ከገባ ቆይቷል። እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ስለሚጠራ ገሚሱ ሰው ቅዳሴው ሳያልቅ ሹልክ እያለ ይወጣ ነበር። እኔም ሳስብ ሳስብ ቆየሁና፣ እናቴ በር ላይ የምትቆመው ካድሬ ሲመጣ ለቄሶቹ ለመንገር ነው፣ "አልነጻሁም" የምትለኝም ምስጢሩን እንዳላወጣባት ነው ብዬ ደመደምሁ። ኮራሁባት። ከጎኗ ቆሜ እኔም መንገዱን መጠበቅ ጀመርሁ።

አባቴ ገና በሆዷ ሳለሁ ለቀን ሥራ ሁመራ ወርዶ በካላዛር በሽታ ሞቷል። ዘመድ የምለው ጎረቤታችንን እማማ አሰበችን ብቻ ነበር። የእናቴ እናት መስለውኝ ነው ያደግሁት። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን እናቴ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውሃ ታመጣለች፣ አንዱ የእኛ፣ ሁለተኛው የእሳቸው። እንጨት ትለቅምላቸዋለች፣ ቤታቸውን ትለቀልቅላቸዋለች፣ ሲታመሙ እግራቸው ሥር ታድራለች። ይህን የማታደርግ ልጅ የለችም፣ ይህን የምታደርግ ደግሞ ልጅ ብቻ ናት ብዬ አምን ነበር።

"አንቺን የሰጠችኝ ማርያም ናት" ይሏታል እማማ አሰበች። ይህን ባሏት ቁጥር እናቴ ፊቷን ወደ መሬት ትመልሳለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

እማማ አሰበች ያረጋል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ደርግን የሚወጋ ጦር ከሱዳን በኩል በገባ ጊዜ አብሮ ዘመተ። ቆስሎ ተመለሰና ከወንዙ ማዶ ከሽመሉ ጫካ ተደበቀ፤ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ በነበርሁበት ዘመን ወታደሮች እዚያው ደርሰው ገደሉት። የጠቆመው ማን እንደሆነ ኮኪት ውስጥ ልጅም አዋቂም ያውቃል። ሷሊህ ነው።

ሷሊህ ልብስ ሰፊ ነበር። አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የመተማ ሴት። ከገበያው ጫፍ ከኒሙ ዛፍ ሥር የእግር ማሽኑን ዘርግቶ ጀለቢያውን ለብሶ ይቀመጣል። ወሬውን ያልሰማ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ብቻ ሱሪው ሲቀደድበት እሱ ዘንድ ያሰፋል። የአገሩ ሰው በፊቱ ሲያልፍ ምራቁን ይተፋል። እናቴ አትተፋም። ገና ማሽኑ ሲሰማት መንገድ ትለውጣለች። ከሰዉ ሁሉ ይልቅ ሷሊህን የምትፈራው እሷ ናት ብዬ አስብ ነበር፤ ይህስ እውነት ነበር።

በዐቢይ ጾም መካከል ወባ ጣለኝ። ቤት ውስጥ ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ አንገረቤን፣ የገመድ አልጋዬን፣ አውጥተው ከደጅ ከሣር ዳሳችን ከራኩባው ሥር አስተኙኝ። የራኩባው ሣር እየተነሣ እንደ ንብ ሲዞርብኝ፣ ተመልሶ ሲረጋ፣ ደግሞ ሲዞርብኝ ይታየኛል። እናቴ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ታደርጋለች፤ ወዲያው ይደርቃል። በመጨረሻ የንስሐ አባት የሚሆኑ፣ ከሳንጃ በኩል በእግራቸው የሚመጡ አባ ውባንተ የሚባሉ መነኩሴ ተጠሩ። ረጅም፣ ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት የተሰነጠቀ ሰው ነበሩ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ ሲያሳርፉት ናሱ ቀዘቀዘኝ። እንዳያነሡት ተመኘሁ።

"አባ፣ ልትወሰድብኝ ነው" አለች እናቴ። "በሰው ልጅ ያተረፍኋት ናት። ሊወስድብኝ ነው።"

"ማን ነው የሚወስድብሽ?"

"እሱ ነዋ፣ ፈጣሪ።"

"እግዚአብሔር ልጅ በልጅ የሚለውጥ ነጋዴ አይደለም" አሉ አባ። "ተቀመጪ። የያዝሽውን ንገሪኝ።"

የተኛሁ መስሏቸዋል፤ ግማሹን ጊዜ በእርግጥም ተኝቼ ነበር። እናቴ ረጅም ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረች። "ጉድጓድ" ሲባል ሰማሁ። "በአንድ እግሯ" ሲባል ሰማሁ። ሣሩ ዞረብኝ። እንደገና ጆሮዬ ሲከፈት የሚናገሩት አባ ነበሩ፣ ድምፃቸውም አልተቆጣም።

"የመጀመሪያውን አስገደዱሽ። ሁለተኛውን ማን አስገደደሽ?"

እናቴ እርጥቡን ጨርቅ ጨመቀችው።

"ስታለቅሺ የኖርሽው ለመጀመሪያው ነው" አሉ። "ለሁለተኛውስ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?"

"ሁለተኛውን..." አለች እናቴ፤ ቃሉ አልወጣላትም። "ሁለተኛውንማ አባ፣ አላየሁትም። እስከ ዛሬ አጠገቤ ቆሞ አላየሁትም።" ከዚያ ከደረቷ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከሰው እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። ከትኩሳቱ ሁሉ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

የሚያወሩት ስለ ጀሪካኑ መሰለኝ። ለእኛ ቤት ውሃ ማምጣት ግድ ነው፣ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ የሁለተኛውን ግን ማን አስገደደሽ እያሉ መቆጣታቸው ነው ብዬ አባ ውባንተን ጠላኋቸው። ዓይኔን ገልጬ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ፣

"ሁለተኛው የእማማ አሰበች ነው!" አልሁ።

አባ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"አዎን ልጄ" አሉኝ። "የእሳቸውም አለበት።"

ነገሩን የተረዳሁት እናቴ ራሷ ከነገረችኝ በኋላ፣ አድጌ ነው። ያረጋል ተደብቆ ሳለ የእማማ አሰበች ቤት ስለሚጠበቅ፣ ውሃና እህል የምታደርስለት እናቴ ነበረች። ወታደሮቹ ከወንዝ ስትመለስ ያዟት። የወታደሮቹ ሹም እኔን ከጀርባዋ ነጥቆ በአንድ እግሬ ጉድጓድ አፍ ላይ አንጠለጠለኝና "የት ነው ያለው?" አላት። ነገረችው። ይህ የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ በለቅሶው ላይ ሰዉ ማን ጠቆመ እያለ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ዓይን ወደ እሷም ዞር ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠይቃት "ሷሊህን ከሹሙ ጋር አይቼዋለሁ" አለች። አይታውም ነበር፤ ሷሊህ የሹሙን የካፖርት ቁልፍ ሲተክል። ይህ ሁለተኛው ነው።

"የሰውየውን ስም በአደባባይ ነው የወሰድሽበት፣ በአደባባይ መልሽለት" አሏት አባ ያን ዕለት፣ እኔ በትኩሳት ተኝቼ ሳለሁ። "ከዚያ በፊት ግን ለያረጋል እናት ንገሪ።"

"ይገድሉኛል፣ አባ።"

"ሊገድሉሽ ይችላሉ። አብሬሽ እቆማለሁ።"

የጤና ጣቢያው ክኒንም ሠራልኝ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በእግሬ መሄድ በጀመርሁ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ እጄን ይዛ ወደ እማማ አሰበች ወሰደችኝ። ከራኩባቸው ሥር ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። እናቴ አልተቀመጠችም፤ ተንበርክካ ግንባሯን መሬት ላይ አደረገች። እኔን ከአጥሩ ፍየሎቹን እንድመልስ ላከችኝ፤ እኔ ግን ፍየሎቹን ትቼ ማየት ጀመርሁ። እናቴ ለመሬቱ የምትናገር ትመስል ነበር። የእማማ አሰበች ጣቶች ማሽላው ውስጥ እንዳሉ ቆሙ። ፀሐዩ ከራኩባው ጠርዝ ወደ እግራቸው እስኪመጣ ድረስ አልተንቀሳቀሱም።

"ልጅቱን አምጫት" አሉ በመጨረሻ።

ሄጄ ፊታቸው ቆምሁ። ግንባሬን ዳሰሱ። ጆሮዬን፣ አገጬን፣ ትከሻዬን ዳሰሱ። እጄን ገልብጠው መዳፌን አዩ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ያዙ። ሕመሜን የሚመረምሩ መስሎኝ፣ የጤና ጣቢያው ሰውዬ እንዳደረገኝ፣ አፌን ከፍቼ ምላሴን አወጣሁላቸው።

"ድኛለሁ እኮ፣ እማማ" አልኋቸው።

በቀስታ ወደ እናቴ ገፋ አድርገውኝ ተነሡ፣ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

በማግስቱ እናቴ ያደረሰችው ጀሪካን ሳይነካ ደጃቸው ዋለ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እናቴ ግን ማምጣቷን አልተወችም፤ ያልተነካውን እየደፋች አዲስ ታስቀምጣለች። አያቴ የተቆጡት በምላሴ ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

የስቅለት ዕለት ደረሰ። ሚያዝያ በእኛ አገር እሳት ነው። ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፉ ሳይዞር በቅጥሩ ውስጥ ሲሰግድ ዋለ፤ ላቡ አቧራው ላይ ይንጠባጠባል፣ ግንባር ሁሉ አፈር ለብሷል። በመጨረሻ ካህናቱ በቅጠል ጀርባ ጀርባውን እየጠበጠቡ ካሳለፉት በኋላ፣ አባ ውባንተ መስቀላቸውን አነሡና "አንድ ጊዜ ቁሙልኝ" አሉ። እናቴ እጄን ለቀቀች። ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መሐል ቆመች።

"በያረጋል ለቅሶ ላይ ሷሊህን ከሹሙ ጋር አየሁት ብዬ የነገርኋችሁ እኔ ነኝ" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉ ሰማው። "ያየሁት ቁልፍ ሲተክልለት ነው። ያረጋል ያለበትን የተናገርሁት እኔ ነኝ። ውሃ የማደርስለት እኔ ነበርሁ፣ ያስገደልሁትም እኔ ነኝ። ሷሊህ ከደሙ ንጹሕ ነው።"

ንግግሯን እዚያ ላይ አበቃች። ጉድጓዱን አላነሣችም። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተናገረችም። "ያን ብናገር ሰው ያዝንልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የወጣሁት እንዲያዝኑልኝ አይደለም" አለችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ።

ሰዉ እንደ ጎርፍ ጮኸ። የእማማ አሰበች የወንድም ልጅ አዱኛ፣ በትራክተር ነጂነቱ የሚታወቅ፣ ትከሻው እንደ በሬ የሆነ ሰው፣ ዱላውን ከፍ አድርጎ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ። አባ ውባንተ መስቀላቸውን ይዘው እናቴ ፊት ቆሙ።

"አባ፣ ዞር ይበሉ!"

"አልዞርም።"

"ዞር ይበሉ ብያለሁ!"

"አዱኛ" አለ አንድ የሴት ድምፅ። "ዱላህን አውርድ።"

እማማ አሰበች ነበሩ። ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። መንገዳቸውን ወደ እኔ አድርገው ክንዴን ያዙኝና ወደ መሐል ወሰዱኝ።

"እትዬ፣ ልጅዎን ያስገደለች ናት እኮ!" አለ አዱኛ፤ ያለቅስ ነበር።

"ልጄ ማን እንደሆነ አንተ አትነግረኝም። ያስቀረችውን እኔ ልንገራችሁ። ይቺን ልጅ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁልቁል አንጠልጥለው ነው የጠየቋት። ልጄ የሞተው በይቺ ፈንታ ነው።" ትከሻዬን ጨበጡት። "የያረጋል ነፍስ የተከፈለባት ይቺውላችሁ። እሷንም እናቷንም የሚነካ፣ ልጄን ዳግመኛ ገደለብኝ።"

ያ ሁሉ ሰው አየኝ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። እኔ የገባኝ፣ ያረጋል ሞቶ እኔን ሆኗል፣ ወይም እኔ እሱን ሆኛለሁ የሚል ነገር ነበር። ፊቴን በእጄ ዳሰስሁ፤ የሌላ ሰው ፊት መሰለኝ። ስንዝር መንቀሳቀስ ፈራሁ። አዱኛ ዱላውን ጣለና መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ዛሬም በትክክል አላውቅም።

ከዚያ እናቴ ወጥታ ወደ ገበያው ሄደች። ሰዉ ተከተላት። ሷሊህ ከኒሙ ሥር ተቀምጦ እየሰፋ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ሊያጠፉት የመጡ ሳይመስለው አልቀረም፤ ግን አልተነሣም፣ ማሽኑንም አላቆመም። እናቴ ፊቱ ተንበርክካ የተናገረችውን ደግማ ተናገረች። የያዘውን ስፌት ጨረሰ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

"ሐሚዳ ይህን ሳትሰማ ሞተች" አለ።

ሐሚዳ ሚስቱ ነበረች። ስትሞት ከኮኪት ሰው አንድም አልቀበራትም።

"ምን ላድርግልህ፣ ወንድሜ?" አለች እናቴ።

ወደ ሕዝቡ አየ። "ለእኔ ምንም። ነገ እነዚህን ሁሉ ይዘሽ መቃብሯ ላይ ነይ። ንገሪያት። እነሱም ይስሙ።"

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። የክርስቲያኑ ሰው እንዳለ ለእስላም መቃብር ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ከአፈሩ ላይ እሾሁ በቅሏል፣ ድንጋዩ ተንሸራቷል። እናቴ ከመቃብሩ ራስጌ ቆማ ሐሚዳን በስሟ ጠርታ፣ ባልሽ ንጹሕ ነው፣ የዋሸሁበት እኔ ነኝ አለቻት። ነፋስ እንኳ አልነበረም። አባ ውባንተ ራቅ ብለው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሷሊህ እጆቹን ዘርግቶ ጸለየ፤ ሲጨርስ አዱኛ ማንም ሳያዘው ጎንበስ ብሎ እሾሁን በባዶ እጁ መንቀል ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ጎንበስ አለ። ሴቶቹ ድንጋይ አመጡ። ሙታን ከዚያ ሥር ሆነው የሚያዳምጡን መስሎኝ በጣቴ ጫፍ እረግጥ ነበር።

ሷሊህ ለእናቴ ይቅር ብያለሁ ማለቱን አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሲያልፍ "ሰላም ነህ ወይ?" ይለዋል፣ እሱም ከማሽኑ ቀና ብሎ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። እናቴም መንገዷን በእሱ በኩል አደረገች።

አባ የሰጧት ቀኖና እስከ ሰኔ ሚካኤል ነበር። ያን ዕለት ዝናቡ ገብቶ ጥቁሩ አፈር እግር ይይዛል። እናቴ ነጭ ለብሳ መጣች፣ ከቅጥሩ በርም ስትደርስ እግሯ እንደ ልማዱ ቆመ። ለመግባት አልቻለችም። እማማ አሰበች ከኋላችን ነበሩ። ጀሪካኑን ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ መልሰው መቀበል ጀምረው ነበር፤ ቃል ግን አልተነፈሱም። አሁን መዳፋቸውን እናቴ ጀርባ ላይ አደረጉ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ። "ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ገፋ አደረጓት።

ዲያቆኑ ሥጋ ወደሙ እሳት ነው፣ ሳይነጻ የቀረበውን ይበላዋል ሲል ሰምቻለሁ። እናቴ ወደ መቅደሱ መጋረጃ ስትቀርብ የእማማ አሰበችን ቀሚስ ጨምድጄ ያዝሁ። ተቀብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ ከነጠላው ሥር ጢስ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። አየሁዋቸው። ያቺን ሴት ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ቀና ብላ ነበር የምትራመደው፤ እናቴ ለካ ረጅም ሴት ናት።

"አልተቃጠለችም" አልሁ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ" አሉኝ እማማ አሰበች እያለቀሱ። "እያት ብቻ።"

ካደግሁ በኋላ አንድ ቀን፣ ያረጋልን ረስታው እንደሆነ ጠየቅኋት። "እንዴት ብዬ?" አለችኝ። "በየቀኑ አስበዋለሁ። ዱሮ ትዝ ሲለኝ ፊቴን አዞርበት ነበር። አሁን አላዞርበትም።"

እማማ አሰበች ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአጨዳ ወቅት ነው። መኪኖች ቆመው፣ የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን እንደያዙ ከመንገድ ዳር ቆመው አሳለፉን። ሷሊህ ከሬሳው ኋላ ይሄድ ነበር። ከመቃብሩ አፍ ስንደርስ ቄሱ፣ ለአገሩ አዲስ የነበሩ፣ ቀና ብለው፣

"ልጅ የላቸውም?" ብለው ጠየቁ።

እኔ ከእናቴ ጎን፣ ከሰዉ ኋላ ነበርሁ። አዱኛ ሕዝቡን እየከፈለ መጣ፤ እጄን ያዘኝ፣ ከአስከሬኑ ራስጌ ወስዶ አቆመኝ።

"አላቸው" አለ። "ይቺ ናት።"